ወዴት ነዎት ያልተባለው እንግዳ

አክስቴ ማንበብና መጻፍ አታውቅም፤ የእንግዳን ሆድ ግን ከሳህኑ ላይ ታነብ ነበር። እንግዳው በልቶ ሲነሣ ሳህኑን ይዤ ወደ ማዕድ ቤት ስገባ በሩ ላይ ታስቆመኝና የተረፈውን ጎንበስ ብላ ታያለች። አይቡ አልቆ ጎመኑ ከቀረ፣ ቆጮው ከዳር ዳር ብቻ ከተቆረሰ፣ የወተቱ ስልባቦት ወደ ጎን ከተገፋ፣ ሁሉም ለእሷ ወሬ ነው። "ጻፊ" ትለኛለች። እጄን በሽርጤ እጠርግና እጽፋለሁ።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው፤ ቦታው ሆሳዕና። ዳምቦያ አጠገብ ካለው ቤታችን የመጣሁት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስምንተኛን ጨርሼ ነው። አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ስድስት ክፍል ያለው ሆቴል ነበራት። ሆቴል ስል የዛሬ ልጆች ፎቅ እንዳይመስላቸው። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ በየክፍሉ አንድ የሽቦ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ለኮት አንድ ሚስማር። ወንጌላውያን ስለነበርን ጠጅም አረቄም አይሸጥበትም። መጠጥ የሌለው ሆቴል ማን ሊገባበት ነው ብለው የሳቁባት ብዙ ነበሩ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ክፍሎቹ ሞሉ። አስተማሪዎች ይመጣሉ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያላቸው ባለጉዳዮች ይመጣሉ፣ የሾኔ እስላም ነጋዴዎች ይመጣሉ። ለነጋዴዎቹ ድስቱም ሳህኑም ለብቻ ነበር፤ ሥጋውም ከእነሱው ሉካንዳ ነበር የሚገዛው። ይህን ማንም አላዘዛትም።

አባቴ ግን የዚያን ሆቴል ደጃፍ አንድም ቀን ረግጦ አያውቅም። በአገራችን ወግ እንግዳ ይቀበሉታል እንጂ አያስከፍሉትም። አንድ ሰው ከተማ ወጥቶ ሆቴል አደረ ከተባለ የሚታማው እሱ ሳይሆን ዘመዶቹ ናቸው። ስለዚህ አባቴ "እህቴ እንግዳ መሸጥ ጀመረች" ብሎ ተቀየማት። እኔን ወደ እሷ የላከችኝ እናቴ ናት፤ እሱ ሲጠየቅ "ልጄ ሆሳዕና ትማራለች" ይል ነበር። እናቴም በስውር ቆጮና ቅቤ ትልክልናለች፤ የምታመጣልን ገበያ ለገበያ የምትዞር አንዲት ቅቤ ነጋዴ ነበረች።

የአክስቴ ቤት ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ እንግዳ ምንም ነገር ለምኖ ማግኘት የለበትም። መጀመሪያ የመጣ ቀን ይጠይቅ፤ ሁለተኛ ሲመጣ ሳይጠይቅ ይቅረብለት። "ሁለት ጊዜ ካስለመንነው ረስተነዋል ማለት ነው" ትል ነበር። ሁለተኛው ሕግ ከዚህ ይብሳል፤ እንግዳ ከየት መጣህ፣ ወዴት ነህ፣ ለምን መጣህ አይባልም።

"ወዴት ነህ የሚል ወይ ፖሊስ ነው ወይ ሽፍታ" አለችኝ ገና በመጣሁ ሰሞን። ቆይታ ደግሞ እውነተኛውን ምክንያት ነገረችኝ። ልጅ አልወለድሽም ተብላ ከባሏ ቤት ስትወጣ፣ እስከ ሆሳዕና በእግሯ ስትመጣ፣ ባረፈችበት ቤት ሁሉ ውሃ ሳይሰጧት በፊት "ለምን መጣሽ?" እያሉ ጠይቀዋታል። "በኔ ቤት ማንም ይህን አይባልም" አለች። ይህን ስትናገር በእናት ቋንቋችን ነበር። ለእንግዳ አማርኛ፣ ከከተማው ዙሪያ ከሌሞ ገጠር ጎመን ይዘው ለሚመጡት ሴቶች ሀዲይኛ፣ ለእውነት ከምባትኛ፤ አከፋፈሏ እንዲህ ነበር።

እኔ የመጣሁት ለሁለቱ ሕጎች መዝገብ ያዥ እንድሆን ይመስላል። ሽፋኑ ሰማያዊ የሆነ ደብተር ሰጠችኝ። ሒሳብ አይጻፍበትም፤ ሒሳቡን በራሷ ጭንቅላት ትይዘው ነበር። የሚጻፍበት የሰው አመል ነው። ስም ስለማንጠይቅ በመልክ ወይም በሥራ ነው የምንመዘግበው። "የሾኔው የጨው ነጋዴ፤ ለስግደቱ ውሃ ማለዳ፣ ከበሩ በስተግራ።" "ባለ ቀጠሮው ሽማግሌ፤ ትራሱን አውጥቶ ወንበር ላይ ያስቀምጣል፣ አልጋው ላይ አይደረግለት።" "ሒሳብ አስተማሪው፤ ሻይ ቢቀዘቅዝም ያፍራል፣ አይናገርም፣ ቶሎ ይሰጠው።" ለአንድ ሰው ሁለት መስመር ይበቃል። ከሁለት መስመር በላይ አመል ያለው እንግዳ ሌላ ሆቴል ይፈልግ ትል ነበር አክስቴ።

እሱ ሁለት ገጽ ወሰደ።

የወባ ሠራተኛ ነበር፤ በየቤቱ የትንኝ መድኃኒት የሚረጭ። በየሁለት ሳምንቱ ከሾኔ በኩል ካለው ቆላ ይወጣና ሆሳዕና ሁለት ቀን ያርፋል። ካኪ ልብሱ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ ስለዚህ ከመብላቱ በፊት እጁን ሦስት ጊዜ ይታጠባል። ሦስት ጊዜ መሆኑን እንዴት አወቅሽ አትበሉኝ፤ የማስታጥበው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ሻይ ያለ ስኳር፣ ሁለተኛውን በስኳር ይጠጣል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መስኮቱን እሱ ራሱ ይዘጋል። ዳቦውን ለሁለት ይቆርስና ግማሹን ኪሱ ይከተዋል። ለማን ነው ብዬ ሦስት ጉዞ ሙሉ ተጨነቅሁ። በአራተኛው ተከትዬ አየሁት። በራችን ላይ ለሚቆመው የጋሪ ፈረስ ነው። ፈረሱ ከመዳፉ ላይ ሲበላ ጆሮውን እያሻሸ የሆነ ነገር ይነግረዋል። ወደድኩት። እንዲህ ነው፤ ሌላ የማሳምርበት ቃል የለኝም።

መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ጠዋት ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ "እኅቴ፣ ለጢሜ ትንሽ ሙቅ ውሃ ይገኛል?" ብሎ ነበር። ቆሞ ሲጠብቅ ስለ ሾኔ ሙቀት፣ ስለ ትንኝ፣ ስለ ዝናብ አወራኝ። ውሃው እንዳይፈላ በልቤ ጸለይኩ። ፈላ። ከሄደ በኋላ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? "ጠዋት ሙቅ ውሃ ለጢም" ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ጉዞው ገና ሳይነሣ ውሃው በሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ከዚያ ወዲያ ማዕድ ቤት በር ላይ ቆሞ አያውቅም። ለፈረሱም ደረቅ ዳቦ ለብቻው በወረቀት ጠቅልዬ ከሻዩ አጠገብ አስቀመጥኩለት። አየውና ቀና ብሎ አየኝ፤ ፈገግ አለ፤ ምንም ሊለኝ ግን ምክንያት አልነበረውም። ጎበዝ ነበርኩ እኮ። በገዛ ጉብዝናዬ አንድ በአንድ ሰበብ አሳጣሁት።

አንድ ጊዜ ብቻ ረዘም አድርጎ አናገረኝ። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲጠርግ ነበር። "የኔ ሥራ መጠየቅ ነው" አለኝ። "በየቤቱ እየገባሁ፣ ስንት ሰው ነው እዚህ የሚያድረው፣ የቤቱ አባወራ ማን ነው፣ እያልኩ እውላለሁ። ሰው ሲያየኝ ፊቱ ይጠቁራል። እዚህ ስመጣ ማንም አይጠይቀኝም፣ እኔም ማንንም አልጠይቅም። ደስ ይለኛል፤ ግን አንዳንዴ…" አለና አቆመ። ግን አንዳንዴ ምን? አልኩ በሆዴ። በአፌ "ሻይ ልጨምርልዎት?" ነው ያልኩት።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ የሚማር አንድ ጎረምሳ የሆቴል እንግዶችን ጠባይ ላጥና ብሎ መጣ። መጠጥ የሌለው ሆቴል ለምን እንደሚሞላ የነገረው ሰው ነበር መሰለኝ። በማባዣ የታተመ ወረቀት ይዞ ምሳ ሰዓት ላይ እንግዶቹን ይዞር ጀመር። በአገልግሎቱ ረክተዋል? "እግዚአብሔር ይመስገን።" ምግቡ እንዴት ነው? "እግዚአብሔር ይመስገን።" ያልተሟላልዎት ነገር አለ? "ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን።" ሒሳብ አስተማሪው እንኳ ቀዝቃዛ ሻዩን ይዞ አመሰገነ። አክስቴ አዘነችለት። "ልጄ፣ ሰው በባለቤቱ ፊት ሲጠየቅ አፍሮ ይዋሻል። ወረቀቱን ተውና ሳህኑን እይ" አለችው። ልጁም ብልህ ነበር፤ ከኋላዬ ማዕድ ቤት ገብቶ ሳህን ያይ ጀመር።

አክስቴንና ልጁን ያጣላቸው የወረቀቱ መጨረሻ ነው። ከየት መጡ? ወዴት ይሄዳሉ? ለምን ጉዳይ? አክስቴ ስትሰማ ተነሥታ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች። "ይሄን በኔ ቤት አትጠይቅም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።" ልጁ ደነገጠ። ያኔ የወባው ሠራተኛ ከጥግ ጠረጴዛው፣ "ግድ የለም እማማ፣ እኔ ልመልስለት" አለ። ይህን ሲል ልጁን አያይም፤ ትሪ ይዤ የቆምኩትን እኔን ነው የሚያየው። "አያስፈልግም ልጄ፣ አንተ ብላ" አለችው አክስቴ። እሱም ጎንበስ ብሎ በላ። እኔም ሕጋችን ስለተከበረ ኮራሁ። ያን ኩራቴን ዛሬ ባገኘው በጥፊ እለው ነበር።

ሰኔ ገባ። አንድ ሐሙስ ማታ እራቱን ሳነሳለት፣ ቀስ ብሎ፣ "ዳምቦያ ገበያ መሄድ ፈልጌ ነበር። መንገዱ እንዴት ነው?" አለኝ።

ዳምቦያ የእኔ አገር መሆኑን ያውቃል፤ ቅቤ ነጋዴዋ ስትመጣ እኔን "ከዳምቦያ እናትሽ ሰላም ብላሻለች"፣ አክስቴን "የወንድምሽ ቤት ደህና ነው" ስትል ሰምቷል። ለምን ዳምቦያ? ብሎ መጠየቅ አንድ ቃል ነው። በአገራችን ወንድ ልጅ አንዲትን ልጅ ሲያስብ መጀመሪያ የሚፈልገው የአባቷን ቤት ነው፤ ሽማግሌ የሚላከው ወደዚያ ነውና። ይህን ማንም ያውቃል። ለአክስቴ ሊነግራት እንደማይችልም አውቃለሁ፤ ባረፈበት ቤት ልጅ ተመኘ እንዳይባል። ግን ደግሞ በዳምቦያ በኩል ሥራ ቢኖረውስ? ወባ የሌለበት አገር የለም። ጠይቄ "ለሥራ ነው" ቢለኝ ምን ይውጠኛል? ሕጉ ጥሩ መደበቂያ ሆነልኝ። "መንገዱ ጭቃ ነው፤ እኔ አመቻችልዎታለሁ" አልኩት።

አመቻቸሁለትም። በማግስቱ ወደዚያው የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ቅቤ ነጋዴዋ ናት፤ በእግሯ ነው የምትሄደው። ሁለተኛው የሾኔው የጨው ነጋዴ ነው፤ ደህና ኮርቻ ያላት ትርፍ በቅሎ ነበረችው። ቅቤ ነጋዴዋ ዓይኗን ጨፍና የአባቴ በር ላይ ታደርሰው ነበር። እኔ ግን ምቾቱን አሰብኩ። በጭቃ በእግሩ እንዳይደክም ብዬ ከጨው ነጋዴው ጋር በበቅሎ ላክሁት። ስንቁን ቋጠርኩ። ለበቅሎዋም ደረቅ ዳቦ አልረሳሁም።

እሁድ ማታ ተመለሰ። እግሩን በሙቅ ውሃ አጠብኩለት፤ የመንገደኛን እግር ማጠብ ያኔ ነውር አልነበረም። "ሰው ፈልጌ ነበር" አለ፣ ውሃውን እያየ። "እንዲህ ያለ ሰው የለም አሉኝ።" ቀና ብሎ ዓይኔን ፈለገ። ማንን ነው የፈለጉት? ምላሴ ላይ ነበር፤ እዚችው ላይ። አክስቴ ከበስተኋላዬ አልጋ ታነጥፋለች። "ደክሞዎታል፤ ይረፉ" አልኩት።

ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ መጣ፤ ሐምሌ ላይ። ጠዋት ሻንጣውን ይዞ በረንዳው ላይ ቆመ። "ተዛውሬያለሁ" አለኝ። ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። ወዴት ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱ ደግሞ ወዴት እንድለው ይጠብቃል። ዝናብ ያካፋ ነበር። አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። "የፊት ወንበር ይዘንልዎታል፤ ከኋላው ያንገላታል" አልኩት። "አመሰግናለሁ" አለ። "በዚህ ቤት ምንም ጎድሎብኝ አያውቅም።" ወጣና ለፈረሱ ዳቦውን ሰጥቶ ሄደ።

ለመስቀል አገሬ ገባሁ። መስቀል የትም ያለ ሰው ወደ ቤቱ የሚሰበሰብበት ነው፤ ሥጋው ተቆርጦ፣ የቡላው ገንፎ በቅቤ ርሶ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። አባቴ ሲጠግብ ወሬ ይወዳል።

"ሰኔ ላይ ገበያ ቆሜ" አለ፣ "አንድ ካኪ የለበሰ፣ ደብተር በብብቱ የያዘ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። 'አባባ፣ ሆሳዕና ሆቴል ያላቸውን ሴትዮ ወንድም ያውቋቸዋል?' አይለኝ መሰላችሁ? እኔን ራሴን!"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። "እና ምን አልከው?" አሉት።

"ምን እለዋለሁ? ካኪና ደብተር ይዞ አባወራ የሚፈልግ ወይ የግብር ሰው ነው፣ ወይ መድኃኒት ረጭቶ ንቤን የሚፈጅብኝ ነው። ደግሞስ የሆቴል ወንድም ተብዬ በገበያ መሐል አቤት ልበል? 'እንዲህ ያለ ሰው በዚህ አገር የለም' አልኩት። አጠገቤ የነበሩትም ገብቷቸው 'የለም፣ የለም' አሉ። ምስኪን፣ አምኖ እጅ ነስቶኝ ሄደ። ቁጡ ሰው አይመስልም። እንዲያውም ከኪሱ ዳቦ አውጥቶ ለበቅሎዋ ሲያጎርሳት አይቼዋለሁ።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ካልሳቅሁ ማልቀሴ ነበር። እናቴ ብቻ ጉርሻዬን ሳልጎርስ መልሼ ሳስቀምጠው አየችኝ። አባቴን አልነገርኩትም። ምን ብዬ? ንቡን ሲያድን አማቹን እንደሸኘ? እስኪሞት ድረስ ያን ታሪክ በየመስቀሉ እየደገመ አሳቀን፤ እኔም በየመስቀሉ ከሌሎቹ ጋር ሳቅሁ።

ለአክስቴ ግን ሆሳዕና እንደተመለስኩ ነገርኳት። ማዕድ ቤት ነበርን። አልቆጣችኝም፤ ወንድሟንም አልረገመችም። ሰማያዊውን ደብተር አምጪና አንብቢልኝ አለችኝ። ሁለቱን ገጽ አነበብኩላት። ሦስት ጊዜ መታጠቡ አለ። ሻዩ አለ። ሳቅ ሲል እጁን አፉ ላይ እንደሚያደርግ አለ። አልጋው ላይ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ እንኳ፣ ጠዋት ከአንሶላው አይቼ የጻፍኩት፣ አለ።

"አገሩስ?" አለችኝ።

"አልተጻፈም።"

"ወዴት ነው የተዛወረው?"

"አልተጻፈም።"

"ስሙስ?"

ደብተሩን ዘጋሁት። ከዚያ ድስቱን ከድና፣ "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለች በከምባትኛ።

በማግስቱ ከቆላ የመጣ አንድ እንግዳ ገባ። እጁን ገና ሳይታጠብ አክስቴ ፊቱ ቆመች። "ልጄ፣ ከየት መጣህ? ወዴት ነህ?" ሰውዬው ደንግጦ አየኝ፤ ቤቱን ያውቀው ነበርና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችውን ሕግ በራሷ አፍ ሻረችው። ካኪ የለበሰ ሲሆንማ ከበር ነው የምትቀበለው። የወባ ሠራተኛ ታውቃለህ? ቀጠን ያለ፣ ለፈረስ ዳቦ የሚሰጥ? ብዙዎቹ ይህን ጥያቄ አልወደዱትም። ሴትዮዋ በስተርጅና ሰላይ ሆነች ተባለ። ሒሳብ አስተማሪው ሌላ ቤት ገባ፤ ባለ ቀጠሮው ሽማግሌ ቀረ። ስድስት ክፍል መሙላቱ ቀርቶ ሦስት ክፍል መሙላት ሆነ። "አክስቴ፣ ተይው በቃ" አልኳት ብዙ ጊዜ። "አንቺ ትሪሽን ያዢ" ነበር መልሷ። ትሪዬን ይዤ ከኋላዋ ቆሜ፣ እያንዳንዱ እንግዳ አፉን እስኪከፍት ድረስ እጠብቅ ነበር። የሚያውቀው አልተገኘም።

በኋላ አገባሁ፤ ወለድኩ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ሻዩን ጮክ ብሎ የሚያዝ፣ የጎደለውን የሚናገር ሰው። በዚህ አመሉ እስኪሞት ድረስ አመሰግነው ነበር።

አሁን እንግዳ ወደ ቤቴ ሲመጣ ወንበር ሳላቀርብ አገሩን እጠይቃለሁ። ስምዎ ማን ነው? ከየት መጡ? ከዚህስ ወዴት ነዎት? ልጆቼ ያፍሩብኛል፤ "እማዬ፣ ሰውዬው ውሃ እንኳ አልቀመሰም እኮ" ይሉኛል። ውሃው ይደርሳል እላቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ይንገረኝ።